ተቀበል ባይ ያጣው ዜማ

ለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። ይህን የማያውቅ የወገራ ልጅ የለም። ሬዲዮኑ ጨርቅ ይጣልበታል፤ ቴፑ ከመደርደሪያ ወርዶ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ቢያንስ አርባው እስኪወጣ ቤቱ ዝም ይላል። ሟቹ ወጣት ከሆነማ ዝምታው እስከ ሙት ዓመቱ ይዘልቃል። እኛ ዳባት ተወልደን ዳባት ያደግን በመሆናችን ይህን ሕግ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ እያየን ያደግንበት ነው። ታዲያ ይኸው ሕግ በአያታችን ቤት አንድ ምሽት ሲጣስ አየን። ሲጣስ እያዩ የፈቀዱትም አያታችን ራሳቸው ናቸው። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ምሽት ስለሆነ በቅድሚያ እሱን እንንገራችሁ።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ ዘልቆ ነበር። በዚያው ሰሞን በጭና ተክለ ሃይማኖት ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች መርምረው አውጥተውታል፤ እኛ የምንጨምርበት የለንም። ከኛ ቤት የጎደለው የአጎታችን ልጅ ነው። በዕድሜ ከኛ በሁለት ዓመት ይበልጥ ነበር።

አርባው ከወጣ ጥቂት ቀን አልፎታል። መብራት የለም፤ የጥቅምት ብርድ ነው፤ እሳቱን ከበን ተቀምጠናል። ታናሽ ወንድማችን አሮጌውን ቴፕ ከሣጥን አውጥቶ የባትሪ ድንጋዩ ይሠራ እንደሁ ሊሞክር ቁልፉን ተጫነው። ውስጡ ተረስቶ የቀረው ካሴት መዞር ጀመረ። አኮርዲዮን ነው። ድንጋዩ ስለደከመ ክሩ ይጎተታል፤ ዜማው ከልኩ ወርዶ ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ እያረፈ ይሄዳል። አጎታችን ከመደቡ ብድግ ብለው፣ "ዝጋው እንጂ! ምን ነካህ አንተ?" አሉ። አያታችን ግን ፊታቸውን ከእሳቱ ሳያነሡ፣ "ተወው ልጄ፣ እሱ እኮ ምንም አላለም" አሉ።

ካሴቱ እስኪያልቅ ማንም አልዘጋውም።

እውነትም ካሴቱ ላይ ዘፋኝ የለም። አንዲት ቃል የለችም። እንግዲህ ምንም ካላለ አጎታችን ለምን ደነገጡ? ምንም ካላለ የአያታችን እንባ ለምን ወረደ? ያኔ አልጠየቅንም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ ስለ ሥነ ቃልና ስለ ሙዚቃ ታሪክ ጥቂት ማንበብ ስንጀምር ነው ነገሩ ተመልሶ የመጣብን። ለመሆኑ ቃል የሌለው ዜማ ኀዘንንና ናፍቆትን በምን ይናገራል? ነገሩን ከሥሩ ለማየት መጀመሪያ ከማሲንቆው እንነሣ።

የአዝማሪ ዘፈን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሰርግ ቤት ወይም ጠጅ ቤት ይገባል፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራችውን ያቺን አንዲት ክር እየገዘገዘ ዜማውን ይይዛል። ግጥሙ ግን ሁልጊዜ ከሱ አይመጣም። ከተቀመጠው ሰው መሃል አንዱ ድንገት "ተቀበል!" ይላል። ከዚያ የልቡን በሁለት ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል፤ ቤቱ ያጨበጭባል፤ ወይም ዝም ይላል። ሰጪው ባለዕዳ ሊሆን ይችላል፣ የተካደ ባል ሊሆን ይችላል፣ ወንድሙ የሞተበት ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ቢናገረው የሚያሳፍረውን ነገር በሰም ሸፍኖ በሌላ ሰው ጉሮሮ ያወጣዋል። ስለዚህ በዚህ ሥርዓት ናፍቆቱ የሰጪው ነው፤ ድምፁ የተቀባዩ ነው።

ትዝታ የምንለውም እንዲህ ባለው ቤት ያደገ ነው። ቃሉ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንደኛ ስሜቱ ነው፤ ያለፈው ሲታወስ የሚያመውና የሚጣፍጠው። ሁለተኛ ዘፈኑ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፃዊ በየራሱ ስንኝ የሚዘፍነው። ሦስተኛ ቅኝቱ ነው፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠረው ባለ አምስት ድምፅ መሰላል። ሦስተኛውና ስድስተኛው ድምፅ በግማሽ ዝቅ ሲል ደግሞ ማይነር የሚባለው ትዝታ ይሆናል፤ ያኔ ሆድ ያባባል። መቼም አንድ ሕዝብ ለስሜቱ፣ ለዘፈኑና ለቅኝቱ አንድ ስም ሲሰጥ እንዲያው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ሸክላ መጣ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ሸክላዎች ተብለው የሚታወቁት የተሰማ እሸቴ ናቸው። አፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው፤ እሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ ድምፃቸውንም ትተው መጡ። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት እኒህ ባለቅኔ በእግር ኳስ ታሪካችን ስማቸው የገነነው የይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው። በዚያ ዘመን ማይክሮፎን አልነበረም። ዘፋኙ ትልቅ የብረት መለከት ፊት ቆሞ ወደ ውስጡ ይዘፍናል፤ የአንድ ገጽ ሸክላ ልክ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ያበቃል።

እስቲ አስቡት። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ቢሆን "ተቀበል!" የሚል ሰው ይኖራል፤ ስንኙ ልብ ሲነካ "እሰይ!" የሚል ይኖራል። በርሊን ግን አማርኛ የማይሰሙ ቴክኒሺያኖችና አንድ መለከት ብቻ። ስለዚህ የአማርኛ ዘፈን ሸክላ ላይ የወጣው ገና ከጅምሩ ባዕድ አገር ነው። ከአገሩ በራቀ ሰው ጉሮሮ፣ ግጥም ሰጪ በሌለበት ክፍል ውስጥ። ሸክላው ድምፁን ከመቃብር አተረፈው፤ እነዚያ ቅጂዎች ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ "ኢትዮፒክስ" በተባለው ተከታታይ 27ኛ ቁጥር ታትመው ወጥተዋል። ነገር ግን ሸክላው አንድ ነገር ቆርጦ አስቀረ፤ ሰጪውን። ከዚያ ወዲህ አድማጩ ሌላ ሰው የሰጠውን ስንኝ ሲሰማ የሚኖር ሆነ።

ይህ ነገር የኛ ብቻ እንዳይመስለን ባሕር ተሻግረን እንይ። አኮርዲዮን የሚባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1829 ቪየና ላይ የፈጠራ መብት ወጣለት። ዘመዱ ባንዶኒዮን ደግሞ ጀርመን አገር ተሠርቶ ከስደተኞችና ከመርከበኞች ጋር እስከ ቡዌኖስ አይረስ ተጓዘ። እ.ኤ.አ. በ1914 ከዚያች ከተማ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ውጭ አገር የተወለደ ነበር፤ የሚበዛው ጣሊያንና ስፔናዊ ነው። ታንጎ የነዚህ ሰዎች ሙዚቃ ነው። የታንጎን ዘፈን በዓለም ያስጠራው ካርሎስ ጋርዴል ራሱ በልጅነቱ ከፈረንሳይ የመጣ ስደተኛ ነበር።

ታንጎ አንድ እኅት አለችው፤ የታንጎ ቫልስ ትባላለች። ታንጎው ሁለትና አራት ሲቆጥር ቫልሱ ሦስት በሦስት እየቆጠረ ይወዛወዛል። ከነዚህ ቫልሶች አንዱን፣ ትርጉሙ "ከነፍስ" የሚሆነውን፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ገደማ የደረሰችው ሮሲታ ሜሎ የምትባል የ14 ዓመት ያህል ልጅ ናት። ያለ ቃል ለፒያኖ ደረሰችው። ግጥም የመጣለት በኋላ ነው፤ ዛሬ የሚታወቀውን ስንኝ ኦሜሮ ማንሲ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እንግዲህ ዜማው ለዓመታት ሰው ቤት እየገባ፣ ቃል ሳይኖረው፣ የሰዉን ናፍቆት ሲሸከም ኖሯል ማለት ነው። ማንሲ ያደረገው ምንድን ነው? በኛ አነጋገር፣ "ተቀበል!" ብሎ ለዜማው ግጥም ሰጠው። እኛ የአያታችንን ቃል መረዳት የጀመርነው ይህን የቫልስ ታሪክ ስናውቅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ የቫልስ መሣሪያ ደባርቅና ዳባት ውርጭ መሃል ምን አመጣው? መንገዱ ረጅም ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም "አርባ ልጆች" የተባሉትን አርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አመጡ፤ የዘመናዊው የሙዚቃ ጓድ ታሪካችን በአመዛኙ ከዚያ ይጀምራል። የወንድማቸው ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያንም ይህንኑ ሥራ ቀጠሉበት። በጊዜ ብዛት አኮርዲዮንም ኤሌክትሪክ ኦርጋን ከመስፋፋቱ በፊት የከተማው ሰው የሚወደው መሣሪያ ሆነ። ደግሞም ስድስት ስምንተኛ የሚባለው የዘፈን ምታችን ሦስት ሦስቱን እየቆጠረ ስለሚወዛወዝ ለዚህ መሣሪያ እንግዳ አልሆነበትም፤ ሳንባው ተከፍቶ ሲዘጋ ትዝታን እንደሚተነፍስ ሰው ነው።

የሸክላው ንግድ ደግሞ በሌላ በኩል ሄደ። ሸክላ ማሳተም ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ጊዜ አምሐ እሸቴ የሚባሉ የ20ዎቹ ዕድሜ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ጥሰው ማሳተም ጀመሩ። ከሳቸው ቀጥሎ አሊ አብደላ ካይፋ መጡ። የሙዚቃ ቤታቸው ስም "ታንጎ" ስለነበር ሰዉ "አሊ ታንጎ" ይላቸዋል። እንግዲህ ታንጎ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የሸክላ ነጋዴ ቅጽል ስም ሆነ ማለት ነው! በ1960ዎቹ ጌታቸው ካሣ ትዝታን አዝግመውም አፍጥነውም አስቀረጹት፤ ማሕሙድ አሕመድ፣ ብዙነሽ በቀለና ሌሎችም በየድምፃቸው ተጫወቱት። በመኪና መንገዱ፣ ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ወልቀፊትን በሚወርደው በዚያ ጣሊያን በሠራው ጎዳና፣ ዘፈኑ በየቡና ቤቱ እየተራገፈ መጣ።

እዚህ ላይ እኛን የስሜን ግርጌ ልጆች የሚያስገርመን ነገር አለ። የዚያን ዘመን ሸክላዎች ካጀቡት ባንዶች ሁለቱ የተሰየሙት በኛው ተራራ አውሬ ነው። አንዱ አይቤክስ ባንድ ነው፤ ኋላ ሮሃ የተባለው። ሌላው ዋሊያስ ባንድ ነው። ዋሊያ በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር የትም አይገኝም፤ የተራራው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተከልሎ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በከፊል በሱ ምክንያት ነው። ገደሉን ለቆ የማይሄደው ዋሊያ ስሙ ብቻ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሂልተን ገባ።

የዋሊያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ነበሩ። ደብረ ብርሃን ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ አኮርዲዮንን በልጅነታቸው በራሳቸው ጥረት የተማሩ ሰው ናቸው። አብዮቱ ፈንድቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ባንዱ ሂልተን ውስጥ እስኪነጋ ይጫወት ነበር፤ አዳማጩም መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ ይቀመጣል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ስንቱን ወጣት ሲበላ፣ በጎንደርም እናቶች ሙሿቸውን በሆዳቸው ሲያወርዱ፣ የዘፈን ግጥም ሳንሱር ፊት ይቀርብ ነበር። ዋሊያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 "ቸ በለው" የተባለውን ሸክላ አወጣ፤ ነገረ ሥራው በመሣሪያ ብቻ የተመሠረተ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው ብለን አንደመድምም፤ ነገር ግን ቃል የሌለውን ዜማ የትኛው ሳንሱር ጠርቶ ይጠይቀዋል? አያታችን እንዳሉት፣ እሱ እኮ ምንም አላለም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄደ። ገሚሱ ተመለሰ፤ ገሚሱ ቀረ። ኃይሉም ከቀሩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻቸውን ገቡ። ምቱን ለማሽን ሰጡ፤ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የልጅነታቸውን አኮርዲዮን አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ራሳቸው ተጫወቱ። "ሽሞንሟናዬ"፣ "አምባሰል"፣ "ወገኔ"፤ አገር ያወቃቸው ዜማዎች ናቸው፤ ግጥማቸው ግን የለም። ያ ካሴት ነው ተገልብጦ፣ ተገልብጦ፣ ከጎንደር ከተማ በአጎታችን ኪስ ዳባት የገባው። የኛው ቅጂ ሽፋን የለውም፤ ስም የለውም፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ "አኮርዲዎን" የሚል ብቻ ተጽፎበታል።

ከተሰማ እሸቴ ጋር አስተያዩት። ተሰማ በበርሊን መለከት ፊት ቆመው፣ ሰጪ ሳይኖራቸው፣ ስንኙን ራሳቸው ሰጥተው ራሳቸው ተቀበሉ። ኃይሉ ከ77 ዓመት በኋላ በዋሽንግተን፣ እንደሳቸው ከአገር ርቀው፣ ስንኙን ጭራሽ ተዉት። የመጀመሪያው ሸክላ አድማጩን ከሰጪነት አወረደው ብለን ነበር፤ ይህ ካሴት ግን ቦታውን መለሰለት። አኮርዲዮኑ ዜማውን ይዞ እንደ አዝማሪ ይጠብቃል። ግጥሙን የሚሰጥ ከቤቱ ይገኝ እንደሁ ነው የሚጠብቀው። በቃል የተሞላ ዘፈን የሌላ ሰው ናፍቆት ነው፤ ለቅሶ ቤት ቢከፈት የሰው ጉዳይ ይዞ ገባ ተብሎ ይዘጋል። ቃል የሌለው ግን ባዶ እጁን ስለሚገባ እንደ ለቀስተኛ ይቀመጣል።

የዶርም ጓደኞቻችን በዚህ ነገር ይሟገቱናል። አንዱ፣ "ትዝታ ሰውን ወደ ኋላ እየጎተተ ያደነዝዛል፤ ላለፈው ከማልቀስ ለሚመጣው መሥራት ይሻላል" ይላል። ነገሩ ፈጽሞ ስሕተት ነው አንልም። ትዝታ ንግድ ሆኖ፣ ያልናፈቀ ሰው ለናፍቆቱ ሲል የሚናፍቅበት ጊዜ አለ። ሆኖም ልጇን የቀበረችን ሴት "ወደ ፊት ተመልከቺ" ብሎ መምከር ለሷ ሥራ አይሠራም። አስለቃሿ ሙሾ የምታወርደው ሰውን ለማደንዘዝ አይደለም፤ የሟቹን ስም፣ ሥራውን፣ መልኩን በስንኝ አስቀምጣ ለማስረከብ ነው። ያልተለቀሰለት ሞት አይቀበርም ይባላል። በጦርነት ሰሞን ደግሞ ስንቱ በወግ ሳይለቀስለት ቀረ! ሰው ሸሽቶ፣ አስለቃሽ ጠፍቶ፣ አንዳንዱ ሬሳው እንኳ ሳይገኝ። ያ ዕዳ የትም አይሄድም፤ ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል።

ካሴቱ ግን ራሱም ከመጥፋት ለጥቂት ነው የተረፈው። ኃይሉ በዋሽንግተን ለረጅም ዓመታት ታክሲ እየነዱ ኖሩ። ሰው በማይኖርበት ሰዓት መኪናው ውስጥ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ከዚያ አንድ የካሴት አሳዳጅ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን አግኝቶ ገዛው፤ ስልክ ፈልጎ ደወለላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው እንደገና ታተመ። ኃይሉም በስተርጅና ዓለምን እየዞሩ መጫወት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 "ላላ በሉ" የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። ዋሽንግተን የተቀረጸ የናፍቆት ዜማ ባሕር ዳር ተገኝቶ ተመልሶ ዋሽንግተን ሲደውል፣ ናፍቆት ራሱ መንገድ የሚያውቅ ይመስላል።

አሁን ወደዚያ ምሽት እንመለስና እንሰነባበት። ካሴቱ ሊያልቅ ሲል፣ ድንጋዩ ጨርሶ ደክሞ ዜማው ሊቆም ሲንፈራገጥ፣ አያታችን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየን። መጀመሪያ ጸሎት መስሎን ነበር። ቀረብ ስንል ስንኝ ነው፤ የልጁ ስም ያለበት ሁለት ስንኝ፣ በቀስታ፣ ልክ ከዜማው ጋር። አርባ ቀን ሙሉ ስሙን ጠርተው አያውቁም ነበር። አጎታችን ሰሙ፤ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ "ዝጋው" አላሉም።

ግጥሙን እዚህ አንጽፈውም። አያታችን የሰጡት ለአኮርዲዮኑ ነው፤ ለኛ አይደለም። ታናሽ ወንድማችን በማግሥቱ ሱቅ ሄዶ አዲስ ድንጋይ ገዛ። ቴፑም ሣጥን ውስጥ አልተመለሰም፤ ከመደቡ ራስጌ ተቀመጠ።